ጌጥና ምክንያት፦ በ194,313 ላይ የቀረበ አስተያየት

የአንድን ትልቅ ሙሉ ቁጥር ባሕርያት መዘርዘር ዛሬ አድካሚ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተር በቅጽበት ብቸኛ አካፋዮቹን ይለያል፤ የአካፋዮቹን ብዛትና ድምር ያሰላል፤ ቁጥሩ በየትኛው የቁጥር ምድብ እንደሚገባም ይናገራል። ከዚህ የተነሣ በድኅረ ምረቃ ሴሚናሮች የሚቀርቡ አንዳንድ ሥራዎች ከረዘመ ዝርዝር አያልፉም። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይታለፋል። ከተዘረዘሩት ባሕርያት መካከል ቁጥሩን ካስገኘው ምክንያት የሚመነጩት የትኞቹ ናቸው? እንዲያው የገጠሙ ጌጦችስ የትኞቹ ናቸው? በእኔ እምነት ይህን ያልለየ ዝርዝር መረጃ እንጂ ምርምር ሊባል አይገባም።

ክርክሬን በባዕድ ምሳሌ ሳይሆን በእጃችን ባለ ቁጥር ላስረዳ። ቁጥሩ 194,313 ነው፤ በግእዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል። ይህ በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም በ532 ዓመታት ውስጥ ያሉት ቀናት ብዛት ነው።

ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ

ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ አድርጎ ይይዛል። አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ስለሆነ ትርፉ የቀን ሩብ ነው። ፀሐይና ጨረቃ ተቀራርበው የሚገናኙት በየ19 ዓመቱ ነው፤ ይህም ዓውደ አበቅቴ ይባላል። ነገር ግን 19 ዓመት 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ስለሚሆን ሙሉ ቀን አይሞላም። በአራት ሲባዛ 76 ዓመት፣ ይኸውም ዓውደ ማኅተም፣ ይሆንና በትክክል 27,759 ቀናት ይይዛል። ይህ ቁጥር ደግሞ ለሰባት ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዕለቱ ወደ መነሻው አይመለስም። እንደገና በሰባት ሲባዛ 532 ዓመት ይገኛል፤ ይህም ዓውደ ቀመር ነው። የቀናቱ ብዛት 7 ጊዜ 27,759፣ ማለትም 194,313 ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ንጹሕ ውጤት ይታያል። 76 ዓመት 27,759 ቀናት ሲኖሩት 532 ዓመት 27,759 ሳምንታት አሉት። እንዲሁም ዓውደ ፀሐይ የሚባለው 28 ዓመት 1,461 ሳምንታት ሲይዝ፣ አራት ዓመት 1,461 ቀናት ይይዛል። እነዚህ መመሳሰሎች ድንገተኛ አይደሉም፤ ሁለቱም ጥንዶች የተገኙት በሰባት ከማባዛት ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ውጤቱን ሳያሰላ አስቀድሞ ይናገረዋል።

የቁጥሩ ጌጦች

አሁን ቁጥሩን ከዘመን ቆጠራ ነጥለን በቁጥርነቱ ብቻ እንየው። 194,313 የአራት ልዩ ልዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፦ 3፣ 7፣ 19 እና 487። አሥራ ስድስት አካፋዮች አሉት። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ 118,007 ስለሚሆኑ፣ ድምሩ ከራሱ ያንሳል፤ ስለዚህ ፍጹም ቁጥር አይደለም። እስከዚህ ድረስ የሚያስገርም ነገር የለም።

ቀጥሎ ያለው ግን ያስገርማል። አራቱም ብቸኛ አካፋዮች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ እያንዳንዳቸው የ3 ርቢ በሁለት ተባዝቶ አንድ ሲጨመርበት የሚገኙ ናቸው። 3 ከ1፣ 7 ከ3፣ 19 ከ9፣ 487 ደግሞ ከ243 በዚሁ መንገድ ይገኛሉ። ከ500 በታች ካሉት 95 ብቸኛ ቁጥሮች መካከል ይህን መልክ የያዙት አምስት ብቻ ናቸው፤ ከአምስቱ የእኛ ቁጥር ያጣው 163ን ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ከ194,313 በታች ሆነው ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች ብንቆጥር፣ ኦይለር ባስተማረን ስሌት፣ 104,976 እናገኛለን። ይህም 18 አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ የሚሰጠው ቁጥር ነው።

ሌላም ጌጥ አለ። 1 ለ194,313 ሲካፈል የሚገኘው አስርዮሻዊ ቁጥር በየ486 አኃዙ ራሱን ይደግማል። ከዚህ በላይ፣ አንድን ብቸኛ ቁጥር ወስደን 10ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰ ርቢ ብናሳድግና ውጤቱን ለቁጥሩ ካሬ ብናካፍል ቀሪው 1 የሚሆንባቸው ብቸኛ ቁጥሮች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 3፣ 487 እና 56,598,313 ናቸው፤ ሁለቱ በዐቢይ ቀመር ውስጥ ተቀምጠዋል።

ይህን ዝርዝር በዚህ አቁሜ «የአበው ስውር ጥበብ» የሚል ርእስ ብሰጠው ብዙ አንባቢ ሳያገኝ አይቀርም። አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ድምዳሜው ሐሰት ይሆናል።

መስፈሪያውን ለውጦ መፈተን

ጌጥን ከምክንያት ለመለየት አንድ ቀላል ፈተና አቀርባለሁ። መስፈሪያውን ወይም የአጻጻፉን መሠረት መለወጥና ባሕርዩ ይጸና እንደሆነ ማየት ነው።

የአስርዮሹን ድግግሞሽ እንውሰድ። የግእዝ አኃዝ በመቶ እየተከፈለ እንደሚጻፍ ሁሉ አኃዞቹን ሁለት ሁለት አድርገን በመቶ መሠረት ብንቆጥር፣ የድግግሞሹ ርዝመት 486 ሳይሆን 243 ይሆናል። 487ን ብርቅ ያሰኘው የካሬ ባሕርይም በ10 ላይ የተመሠረተ ነው። ሰማይ አሥር ጣት የለውም፤ ስለዚህ እነዚህ ባሕርያት ስለ ፀሐይና ጨረቃ የሚናገሩት ነገር የለም።

የ18 ነገርስ? እርሱ በአኃዝ አጻጻፍ ላይ አይመሠረትም፤ ሆኖም ጊዜውን በቀን በመስፈራችን ላይ ይመሠረታል። ዐቢይ ቀመርን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ራሳቸው በሚጠቀሙበት በኬክሮስ ብንሰፍረው 11,658,780 ይሆናል። የዚህ ቁጥር የኦይለር ስሌት 2,519,424 ነው፤ ይኸውም ሰባት ሁለቶችና ዘጠኝ ሦስቶች ተባዝተው የሚሰጡት ነው። ሰባትና ዘጠኝ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ቁጥሩ የማንኛውም ሙሉ ቁጥር ካሬም ሆነ ከዚያ በላይ የሆነ ርቢ ሊሆን አይችልም። ጊዜው ያው ጊዜ ነው፤ ሰማዩም ያው ሰማይ ነው፤ መስፈሪያው ብቻ ሲለወጥ ጌጡ ጠፋ።

በአንጻሩ 4፣ 7 እና 19 በጥንድ በጥንድ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው መሆናቸውን እንይ። በቀን ብንሰፍር፣ በሳምንትም ሆነ በኬክሮስ ብንሰፍር፣ ሦስቱ ዑደቶች አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከ532 ዓመት በኋላ ብቻ ነው፤ አንድ ዓመትም አይቀድምም። ይህ ባሕርይ ይጸናል፤ ምክንያት ስላለው ይጸናል።

ምክንያቱ የሚሠራው ሥራ

ምክንያት ያለው ባሕርይ ሥራ ይሠራል። በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት መጨረሻና ኅዳግ ላይ የወንጌላዊው ስም፣ አበቅቴውና ዕለቱ የተጠቀሱባቸው ማስታወሻዎች ይገኛሉ። ዓመተ ምሕረቱ ካልተጻፈ ወይም ከተፋቀ፣ ዓመቱን ከእነዚህ ፍንጮች መልሶ ማግኘት ይቻላል። ይህም በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ትምህርት የቻይና ቀሪዎች ቲዎረም በሚል ስም የምናውቀው ነው።

ለምሳሌ ማስታወሻው ዘመኑን ዘመነ ማርቆስ፣ አበቅቴውን 12፣ መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ሐሙስ ይበል። የምንፈልገውን ዓመተ ዓለም በ4 ስናካፍለው ማርቆስ ስለሆነ 2 ይቀራል። አበቅቴ የሚገኘው ወንበርን በ11 አባዝቶ ሠላሳ ሠላሳውን በመግደፍ ነው፤ 12 አበቅቴ የሚሰጠው ወንበር 12 ብቻ ነው። ወንበር ከቀሪው አንድ የተነሣለት ስለሆነ፣ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። በእነዚህ በሁለቱ ፍንጮች ብቻ ከየ76 ዓመቱ አንድ ዓመት ይቀረናል፤ 2018 ዓ.ም. እና 1942 ዓ.ም. ሁለቱም ይስማማሉ።

ሦስተኛው ፍንጭ ዕለቱ ነው። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው ለሰባት ሲካፈሉ ሐሙስን የሚሰጠው ቀሪ 3 ነው። ዓመቱ የአራት ብዜት ሲደመር 2 ስለሆነ፣ መጠነ ራብዒቱ አምስት ጊዜ ተወስዶ 2 ሲጨመርበት በሰባት ግድፈት 3 መሆን አለበት። ይህ የሚሆነው መጠነ ራብዒቱ ለሰባት ተካፍሎ 3 ሲቀረው ነው፤ ስለዚህ ዓመቱ ለ28 ሲካፈል 14 ይቀራል። ለ28 ተካፍሎ 14፣ ለ19 ተካፍሎ 13 የሚቀረው ከ532 በታች ያለ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም 70 ነው። በዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር ይህ ዓመተ ዓለም 7518፣ ማለትም የያዝነው 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው 1486 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚመጣው 2550 ዓ.ም. ነው። በሦስቱም ዓመታት ትንሣኤ በዚህ ስሌት ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። 1942 ዓ.ም. ግን መስከረም 1 እሑድ ስለዋለ ከእጩዎቹ ወጥቷል።

ይኸው ስሌት የጸሐፊን ስሕተትም ያጋልጣል። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሚሄድ፣ ከ0 እስከ 29 ካሉት ሠላሳ ቁጥሮች አበቅቴ ሊሆኑ የሚችሉት ዐሥራ ዘጠኙ ብቻ ናቸው። በዚህ ደንብ አበቅቴ 13 የሚል ማስታወሻ ቢገኝ፣ 13ን የሚሰጠው ወንበር 23 ይሆን ነበርና፣ ወይ ገልባጩ ተሳስቷል ወይ ሌላ የአቆጣጠር ልማድ ተከትሏል። ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። 104,976 ግን ለማንም ምንም አይሰጥም።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ምክንያት

በምኖርበት በአስኮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እሰጣለሁ። ስለ ቀሪ በተነጋገርንበት ቀን በየቤታቸው ግድግዳ የተሰቀለውን የአጽዋማትና የበዓላት ሰንጠረዥ ምሳሌ አድርጌ፣ የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ አብረን አወጣን። ስሌቱን ከሰንበት ትምህርት ቤት የሚያውቁት ከእኔ ቀድመው ጨረሱ። አንዲት ተማሪ ግን በስሌቱ ሳትረካ «አበቅቴ በ11፣ መጥቅዕ በ19 የሚባዛው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ 11 ነው፤ 11 ከ30 ሲቀነስ ደግሞ 19 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄዋ ከዝርዝር ሁሉ የሚበልጥ ነገር አወጣ። መጥቅዕን የሚያባዛው 19 እና የዓውደ አበቅቴው 19 ዓመት በመልክ አንድ ናቸው፤ ምንጫቸው ግን የተለያየ ነው። አንደኛው ከ30 እና ከ11 ልዩነት ይመጣል፤ ሁለተኛው 235 የጨረቃ ወራት ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋር ተቀራራቢ በመሆናቸው ይመጣል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ አንድ ያደርጋቸዋል፤ «ለምን» የሚል ይለያቸዋል። አንድን ባሕርይ መመደብ ማለት ይህ ነው።

የአድናቆት ልክ

ምክንያቱን ማወቅ አድናቆትንም ልክ ያስይዛል። የ532 ዓመት ዑደት የእኛ ብቻ አይደለም። ትውፊታችን ራሱ ባሕረ ሐሳብን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል፤ በምዕራቡም ዓለም የአኲቴኑ ቪክቶሪዮስ በ457 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዑደት ላይ የተመሠረተ የፋሲካ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። የእኛ ሊቃውንት ድርሻ ስሌቱን በግእዝ ጠብቀው፣ በቃል በሚያዝ ሥርዓት ቀምረው፣ እስከ ዛሬ ሕያው አድርገው ማቆየታቸው ነው። ይህም ሊጠና የሚገባው ነው፤ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ባሕረ ሐሳብን ለአማርኛ አንባቢ በመጽሐፍ አቅርበዋል።

ዑደቱ ፍጹምም አይደለም። በ532 ዓመት ውስጥ አሉ የሚባሉት 6,580 የጨረቃ ወራት በዛሬው ልኬት 194,311 ቀን ከሩብ ገደማ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ስሌቱ ከጨረቃ በአንድ ቀን ከሁለት ሦስተኛ ግድም ይለያል። ከፀሐይ ዓመት ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ ከአራት ቀን ጥቂት ያልፋል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ብቻ መሳት ታላቅ ነገር ነው፤ መሳቱንም አለመሸሸግ የምርምር ወግ ነው።

ለሚነሣው ተቃውሞ

ዝርዝር ራሱ ዋጋ አለው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ሚዛን የሚደፋ ነው። ጋውስ በወጣትነቱ የብቸኛ ቁጥሮችን ሰንጠረዥ በመመርመር ስለ ሥርጭታቸው ግምት ላይ ደርሷል፤ ግምቱም በ1896 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ሰንጠረዡ ባይኖር ግምቱ አይወለድም ነበር። ነገር ግን ጋውስ ከሰንጠረዡ የፈለገው ሕግን ነው፤ የአንድን ቁጥር ልዩ ውበት አልነበረም። የተለያዩ ምክንያቶች ያመጧቸው ብቸኛ ቁጥሮች አንድ መልክ መያዛቸው ግን ከአንድ ምሳሌ አያልፍም። ሰባት ከሳምንት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ከጨረቃ፣ 3 እና 487 ከ1,461 ቀናት መጡ። ትንንሽ ቁጥሮች ጥቂት፣ የምንሰጣቸው ምድቦች ግን እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ ማንኛውም ቁጥር በበቂ ትዕግሥት ከተመረመረ አንድ የሚያስደንቅ መልክ አያጣም። ጌጥን መዝግቦ መያዝ ነውር የለውም፤ ጌጥን ማስረጃ ማድረግ ግን ነውር ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በድኅረ ምረቃ ሥራዎቻችን የአንድ ቁጥር ባሕርይ ሲጠቀስ፣ ባሕርዩ ከምን እንደመጣና መስፈሪያው ወይም የአጻጻፍ መሠረቱ ሲለወጥ ይጸና እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ይገለጽ። አማካሪዎችና ገምጋሚዎችም ይህን ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ትምህርት ስለ ቀሪዎች ሲያስተምር ባሕረ ሐሳብን እንደ ምሳሌ ይውሰድ፤ ይህም ለአገር ስሜት ሲባል ሳይሆን፣ ተማሪው ቀሪ ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንኛውም ሰው ሠራሽ ጥያቄ ይልቅ በግልጽ ስለሚያሳየው ነው። ሦስተኛ፣ የሒሳብና የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች የብራና ማስታወሻዎችን ዘመን በመወሰን ሥራ ላይ በጋራ ይሠሩ። አንድ የማስተርስ ተማሪ በጥቂት ወራት ሊሠራው የሚችለው፣ ለሌላው ተመራማሪም በእርግጥ የሚጠቅም ርእስ ነው።

ባሕረ ሐሳብን ሁለት ነገሮች ይጎዱታል። አንዱ የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው ብሎ ከሒሳብ ክፍል ውጭ ማስቀረት ነው፤ ሌላው በየቁጥሩ ምሥጢር እየፈለጉ ማግነን ነው። ሁለቱም ስሌቱን ሳይመረምሩ ያልፉታል። የሊቃውንቱ እውነተኛ ሥራ አራትን፣ ሰባትንና ዐሥራ ዘጠኝን በአንድ ቀመር አስማምተው፣ የቃል ትምህርት ያለው ሰው ሁሉ ሊያወጣው በሚችል ሥርዓት ማስቀመጣቸው ነው። ያንን በትክክል መግለጽ ለእነርሱ የሚገባቸው ክብር ነው፤ ለእኛም የሚበቃ ሥራ ነው።